ታጥቦ የተበላ ዘር

ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለክንዴ፣ ዳባት

ጤናና ሰላም ከቤትህ አይለይ። ለባለቤትህ ለእሌኒና ለልጆችህ የእግዚአብሔር ሰላምታ ይድረስልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ እዚህ ሆስፒታል የበሽተኛ አንሶላ ማጠቡን እንደያዝኩ ነው። ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሰላምታ አይደለም።

በስልክ ላናግርህ እችል ነበር። ግን በስልክ ስታወራ ትስቃለህ፣ ታስቀኛለህ፣ ከዘጋን በኋላ ምን እንዳልከኝ ይጠፋኛል። ስለዚህ በወረቀት ጠይቄሃለሁ፤ አንተም በወረቀት መልስልኝ፣ ከሥሩም ፈርምበት። ወረቀቱን የሚያመላልስልን የሺዋስ ነው። ለንግዱ በየሁለት ወሩ ወዲህ ወዲያ እንደሚል ታውቃለህ።

ባለፈው ሰኔ አባቴ አንተ ቁልፍ ከያዝክበት የማኅበሩ መጋዘን አንድ ኩንታል ምርጥ ዘር ወሰደ፤ ቀይ መድኃኒት የተቀባ ስንዴ። ጎረቤቶቹ የቤታቸውን ዘር ሲዘሩ እሱ «የሰጠኝ ያሳደግኩት ልጅ ነው» ብሎ ያንተን ዘራ። የሐምሌ ሥላሴ ዕለት ሞተ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ አንተ ነበርክ። አሁን አዝመራው ተወቅቶ ገብቷል፤ ታደለ ወንድሜ እንደነገረኝ ከአራቱ ጥማድ መሬት የተገኘው የአምናውን ግማሽ አይሞላም። ከፊሉ ቀድሞ ደረሰ፣ ከፊሉ አረንጓዴ ሆኖ ውርጭ መታው፣ ነጭና ጥቁሩ ተደባልቆ የበቀለ ነገር ነው።

ሌላም አለ። በነሐሴ እህል ሲያጥራቸው እናቴ ከዘሩ የተረፈውን አጥባ፣ አስፈጭታ በላችው። ውኃው ቀልቶ ወረደ፤ እጇም ሁለት ቀን ቀይ ሆኖ ሰነበተ። ከዚያ በቀር ሆዷን እንኳ አልቆረጣትም። ምርጥ ዘር የሚቀባው መርዝ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። መርዝ ከሆነ እናቴ እንዴት በሕይወት ኖረች? መርዝ ካልሆነስ ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነው። ዙሪያውን አትዙር።

ገበያነሽ ደርቤ


ዳባት፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም ገበያነሽ

የቅዱስ ሚካኤል ክንፍ በሰው አገር ይጋርድሽ፤ የላብሽን ፍሬ ያብላሽ፤ ለአገርሽ አፈር በጤና ያብቃሽ። እኔና ቤተ ሰቤ በቸርነቱ አለን። እማማ በለጠችም ጉልበታቸውን ከማመማቸው በቀር ደኅና ናቸው፤ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ አግኝቻቸው እጃቸውን ስሜአለሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብ እንባዬ መጣ። ጋሼ ደርቤ አባቴ ናቸው። በአምስት ዓመቴ ወላጆቼን ስቀብር ከልጆቻቸው ሳይለዩ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ውለታ በበሰበሰ ዘር የምከፍል ሰው አድርገሽ ስለቆጠርሽኝ አዝኛለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍረደን።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ዘሩ ከበላይ አካል ማኅተም ታትሞበት የመጣ፣ በኮሚቴ ተቆጥሮ ገቢ የሆነ ነው። እኔ እንደመጣ ለባለ ተራው አድያለሁ። የምርቱ ማነስ የአዘራር ጉድለትና የውርጭ ጉዳይ ነው፤ ታደለ መስመር ጠብቆ አይዘራም፣ በእጁ ይበትናል። እማማ በልተውት ምንም አለመሆናቸው ደግሞ የሚያስገርም አይደለም። መድኃኒቱ በውኃ የሚለቅ ነው። ሦስት ጊዜ ደኅና አድርጎ ያጠበ ሰው ያለ ሥጋት ሊበላው ይችላል። የባለሙያ ቃል ነው፤ ይኸው በፊርማዬ አረጋግጬልሻለሁ።

ቅሬታሽ ከዚህ በኋላ ይበርዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ትልቋ ልጄ ኮከብ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። አሮጌም ቢሆን አንድ ስልክ በየሺዋስ ብትልኪላት ትምህርቷን ትከታተልበት ነበር።

ወንድምሽ ክንዴ (ፊርማ)


ካምፓላ፣ መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክንዴ

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ከሁለት ወር በኋላ ደረሰኝ።

አላመንኩህም። ካላመንሽኝ ለምን ፈርም አልሽኝ ትለኝ ይሆናል፤ ልክ ነህ፣ የፈለግኩት ልይዝህ ነበር። ግን የበላይ አካል ማኅተም፣ ኮሚቴ፣ ባለሙያ እያልክ ደርድረህብኛል፤ እኔ ካምፓላ ተቀምጬ ከዚህ በላይ ምን ማለት እችላለሁ? ታደለ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ በወጣ ጊዜ እናቴንም ይዟት ነበር። ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። እናቴ ገሠጸችኝ። «ልጄን ተይው። ታጥቦ ይበላል ካለ ይበላል፤ እኔስ በልቼው የለም?» አለችኝ።

እሷ ልጄ ካለችህ እኔ ወንድሜ አይደለህም ልል አልችልም፤ ትቼዋለሁ። ለኮከብ ስልኩን ልኬያለሁ። የላክሁት ለልጅቱ እንጂ ላንተ አይደለም።

ገበያነሽ


ዳባት፣ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እታለም ገበያነሽ

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። የሐዋርያትን ጾም በሰላም ያስጀምረን፤ በሰላም ያስፈስከን። ስልኩ ደርሷል፤ ኮከብ እየመረቀችሽ ነው። እሌኒ የዓይን መነጽር እዚያ ይረክሳል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች፤ ቁጥሩን በሌላ ወረቀት አድርጌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።

የቂም ነገር እንዲቀር ብዬ ዘንድሮ ምርጥ ዘር በመጣ በማግሥቱ ለታደለ ሳይሰለፍ አንድ ኩንታል ሰጥቼዋለሁ። ሲያመሰግነኝ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ዝናቡም ደኅና ጀምሯል።

አንዲት ነገር ብቻ ንገሪልኝ። ይህኛው መድኃኒቱ ከባድ ነው ይባላል። ከዘር የተረፈ ካለ ቢታጠብም አይብሉት፣ ለዶሮም አይስጡት፤ ይቅበሩት። ስትደውይ እንዳትረሺ።

አክባሪሽ ክንዴ


ካምፓላ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ክንዴ

የሰኔ 12 ደብዳቤህ በነሐሴ 2 ደረሰኝ። የሺዋስ የጉዞ ወረቀቱ አልቆለት አዲስ አበባ አንድ ወር ተኩል ተቀምጦ ነበር።

ከአንተ ቤት እስከ እናቴ ቤት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ታደለ ከረጢቱን ሲሸከም አጠገቡ ቆመህ ነበር። በየቅዳሜው ገበያ ታገኘዋለህ። «ይኼን እንዳትበሉት» የምትለውን ቃል ግን በካምፓላ በኩል ላክኸው። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ፊቱን እያየህ ብትነግረው «በጥር ይበላል ብለህ አልነበረም ወይ?» ብሎ ይጠይቅሃል። ይህችን ጥያቄ ፈርተህ ነው።

የሆነውን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ከኔም ስማው፤ በፊርማህ ያመጣኸው ነውና። ያ ያንተ ዘር ባበላሸው አዝመራ ምክንያት በግንቦት መጨረሻ የእናቴ ቤት ጎተራ ባዶ ሆነ። ታደለ የዘንድሮውን ዘር ሦስቱን ጥማድ ዘርቶ፣ አራተኛውን ጎርፍ ስለወሰደው ሩብ ያህሉ ተረፈ። የሐምሌ ሥላሴ የአባቴ ሙት ዓመት ነው። ሰው ይመጣል፤ ንፍሮ እንኳ ሳያቀምሱ መመለስ በእኛ ቀዬ አይታሰብም። እናቴ ያን ስንዴ ወንዝ አውርዳ በሦስት ውኃ አጠበችው። ሦስት ጊዜ፤ ያልከውን አልረሳችም። ውኃው እንዳምናው ጠርቶ አልወጣም ነበር፤ ቀለሙ ቢጸናባት «ዘንድሮ ደኅና አድርገው ቀብተውታል» ብላ ሳቀች አሉ። ቀቅላ ለሰው አቀረበችው።

ዐሥራ አንድ ሰው ታመመ። ጎረቤታችን አረጋሽ፣ ከንጋት ጀምራ እናቴን ስታግዝ የዋለችው፣ ወደ ደባርቅ ሲወስዷት አይሱዙ ላይ ሞተች። እናቴ ተርፋለች፤ እጇ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ኩባያ አይይዝላትም። ታደለ ታሥሯል። ከአረጋሽ ልጅ ከገዱ ጋር በወሰን ሲካሰሱ መኖራቸውን አገር ያውቃል፤ ስለዚህ መርዝ አበላት ተብሏል።

እኔም አላመለጥኩም። ያንተን ቃል ለእናቴ ጆሮ ያደረስኩት በገዛ አፌ ነው። የማላምነውን ደብዳቤ አነበብኩላት፤ «እኔ ግን አላመንኩትም» የምትለዋን ቃል አልጨመርኩም። ሌሊት እነቃለሁ፣ ያችን ቃል እጨምራለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ አድርግ። ሄደህ እውነቱን ለፖሊስ ተናገር።

ገበያነሽ


ዳባት፣ መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም

ይህን አንብበሽ ቅደጂው። በእመብርሃን ይዤሻለሁ።

እህል አይወርድልኝም። አረጋሽን ስንቀብር ከሰው ኋላ ተደብቄ መቆሜን ያየ ያውቀዋል። ግን አንቺ ሁሉን በእኔ ላይ ጫንሽው፤ እኔ ማን ነኝ? ካቻምና ሰኔ ስልሳ ኩንታል ገባ ተብሎ ተፈረመ፤ መጋዘኑ በር ላይ የወረደው ሃያ ነው። አርባው ወዴት ሄደ ብዬ ስጠይቅ አንዱ ትልቅ ሰው፣ ስሙን አልጽፈውም፣ «ልጆች የሉህም?» አለኝ። ይኸው ነው ያለኝ። በማግሥቱ ገበሬው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል። ሃያው ላልደረሰው ምን ልስጠው? ከገበያ ስንዴ ሰብስበው አመጡልኝ፤ ሴቶች ሰንደዶ በሚያቀልሙበት በስፌት ቀለም ነክረን አሰጣነው። ደኅና ባያፈራም አይገድልም ብዬ ነበር። የእኔ ድርሻ የቤቴ ቆርቆሮ ነው፤ ሌላ የበላሁት የለም። በዚህ ክረምት ደግሞ ቁጥጥር ይመጣል ተብሎ ስለተፈራ እውነተኛው ዘር መጣ። እኔ ሙሉውን እውነተኛ ዘር ይዤ ያደልኩት ገና በዚህ ክረምት ነው፤ እሱ ገደለ። ይህን ለማን ልንገር?

ጥፋት ካወራን አንቺስ? ጥር ላይ የጻፍኩት ላንቺ ነው። ለእማማ አንብቢላቸው አላልኩሽም።

ታደለን አስወጣዋለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ካንቺ አንዲት ሣንቲም አልፈልግም። የምለምንሽ ያን በጥር የጻፍኩትን ደብዳቤ በየሺዋስ እጅ መልሰሽ እንድትልኪልኝ ነው። ወረቀቱ ከተገኘ እኔ ብቻ አልጠፋም፤ ከበላዬ ያሉት ኮከብንና እናቷን አይምሯቸውም።

ክንዴ


ካምፓላ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክንዴ

አልቀደድኩትም። አሁን ሁለት ደብዳቤ አለኝ።

ታደለን በጓሮ በር እንዳታስወጣው። በደንብ አንብበው፤ እንዳታስወጣው። ገዱ በእናቱ ቀብር ላይ በሰው ፊት የተናገረውን እናቴ ነግራኛለች። «ዳኛ ፊት ቀርቦ ንጹሕ ነው ከተባለ እኔም ንጹሕ ነው እላለሁ። በጉቦ ከወጣ ግን ደሜን በእጄ እወስዳለሁ» ብሏል። ያንተ መላ ወንድሜን ከእሥር አውጥቶ ለጥይት የሚሰጥ መላ ነው። አንተ የምታውቀው አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ስትገድልም ስታድንም በዚያው ነው የምትሄደው።

የሚያድነው የከረጢቱ እውነት ብቻ ነው። ለታኅሣሥ ሚካኤል ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመህ ካቻምና የስፌት ቀለም፣ አምና መርዝ እንደሰጠህ ተናገር። ገዱ ይስማህ። ካልተናገርክ ደብዳቤዎቹ ለቄስ ገብረ ሚካኤል ይደርሳሉ፤ እሳቸው ያነቡልሃል። የሺዋስ ከዚህ እንደገና የሚነሣው በታኅሣሥ አጋማሽ ነው።

ስለ ልጆችህ ፈርተሃል፤ አምኜሃለሁ። አረጋሽም ልጆች ነበሯት። «አንቺስ?» ላልከኝ መልሱን ባለፈው ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ፤ አንተ ሳታስታውሰኝም አውቀዋለሁ።

ገበያነሽ


ዳባት፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ገበያነሽ

የምሥራች። ሚካኤል የሰማን ይመስለኛል። ታደለ መስከረም 30 ተፈትቷል። አንዳንድ ሰዎች አነጋግሬ ነበር፤ መዝገቡ ሲፈለግ አልተገኘም፤ መዝገብ የሌለው ሰው አይታሠርም ተብሎ ተለቀቀ። በራሴ ገንዘብ ባጃጅ ተከራይቼ ወደ ቤቴ አመጣሁት። እሌኒ ገላውን የሚታጠብበት ውኃ አሞቀችለት። ከስቷል እንጂ ጤነኛ ነው። ምግብ ሲቀርብለት ግን ከእኛ ጋር አይቆርስም፤ እኛ እስክንበላ ይጠብቃል።

ቃሌን ጠብቄያለሁ። እንግዲህ አንቺም ወረቀቱን ላኪልኝ። የመነጽሩ ነገር ይቅር፤ እሌኒ እዚሁ ገዝታለች።

ወንድምሽ ክንዴ


ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክንዴ

አታስወጣው ያልኩበት ደብዳቤ ሲደርስህ ታደለ ከወጣ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። መንገድ ላይ ተላለፉ። ብዙ አሰብኩበት፤ ቀድሞ ቢደርስህም የምታስወጣው ይመስለኛል።

ቤትህ በገባ በአራተኛው ቀን ምን እንዳደረገ አልጻፍክልኝም። ተመልሶ ጣቢያው ሄደ። ክሰሱኝና ዳኛ ፊት አቅርቡኝ አላቸው። መዝገብ የለህም አሉት። መዝገብ ስጡኝ ብሎ በር ላይ ሁለት ቀን ተቀመጠ፤ አባረሩት። ወንጀለኛ እንዳይባል መዝገብ የለውም፣ ንጹሕ እንዳይባልም መዝገብ የለውም። ይህን ያደረግክለት አንተ ነህ። ገዱም የሚጠብቀውን አገኘ። በእናቴ ጣራ ላይ ሁለት ሌሊት ተኮሰ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የደም ሥርዓታችንን ታውቀዋለህ። ገደልኩ ብሎ ያላመነ ሰው አይታረቅም፤ ያልታረቀ ሰው ደግሞ አገር ውስጥ አይኖርም። እናቴ ያረጀች፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሴት ናት፤ ጥሏት የሚሄድበት አገር የለውም። ኅዳር 29 ቀን ወንድሜ በቄስ ገብረ ሚካኤል መስቀል ላይ እጁን ጭኖ አረጋሽን መርዝ አብልቼ ገደልኩ ብሎ ማለ። የወንዙን ዳር መሬት ለገዱ ሰጠ። ገዱም ስሞ ይቅር አለው። እናቴ እንደነገረችኝ አንተም ከወገን ሽማግሌዎች ጋር ነበርክ፤ ነጠላህን አጣፍተህ ሦስተኛ ቦታ ላይ ተቀምጠሃል። ወንድሜ ያንተን ኃጢአት በአፉ ሲቀበል ከሁለት ክንድ ባልበለጠ ርቀት ላይ ሆነህ ሰማኸው። ዋስም ሆነህ ፈርመሃል።

በማግሥቱ ታደለ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ደወለልኝ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «እታለም፣ ወረቀቶቹን ቅደጂያቸው» አለኝ። «መስቀል ጨብጬ ገደልኩ ብያለሁ። አሁን እውነቱ ከወጣ በሐሰት የማልኩ ነኝ፤ ዕርቁ ይፈርሳል፤ ገዱም ያኔ ምን ብሎ ያምነናል? ቅደጂያቸው» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት የማጥበው አንሶላ ሳይገባ ሁለቱንም ቀደድኳቸው። እንኳን ደስ ያለህ። ከእንግዲህ በአንተ ላይ የተጻፈ አንድም ነገር በዓለም ላይ የለም። ይህን ደብዳቤ ቄስ ገብረ ሚካኤል ዘንድ ወስደህ ብታነብላቸው እንኳ የተበሳጨች ሴት ወሬ ነው ትላለህ፤ እሳቸውም ያምኑሃል።

ለሚስትህና ለልጆችህ ሰላምታ አልላክሁም፤ እነሱ ምን እንዳደረጉ ስለማላውቅ ስድብም አልላክሁም። እንዳትጽፍልኝ። እናቴ ስትሞት ሌላ ሰው ይነግረኛል።

ታደለ አንድ ነገር ጨምሮ ነግሮኛል፤ ለግንቦት ቀይ ዘር ይመጣል ተብሎ ስም እየተመዘገበ ነው አሉ። ሰዉ ከአንተ መጋዘን ይወስዳል፤ ሌላ መጋዘን የለውም። በሐምሌ ጎተራው ሲጎድል ከፊሉ ይበላዋል፣ ከፊሉ እየተራበ ይቀብረዋል፤ ሁለቱም በግምት ነው። በዚያ አገር የትኛው ከረጢት እንደሚገድል የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፣ እሱም በር ላይ ቁልፍ ይዞ ቆሟል።

ገበያነሽ ደርቤ